ውሃን የሚያስረው ቋጠሮ

አጋሮና ጎማ አካባቢ ባሉ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ከመሣሪያው ሁሉ ርካሹ አንድ ቀጥ ያለ በትር ነው። የተፈለፈለው ቡና በማብላያ ገንዳ ውስጥ ሲብላላ ካደረ በኋላ፣ ገንዳውን የሚጠብቀው ሰው ሊነጋጋ ሲል ይመጣና በትሩን ከክምሩ መሃል እስከ ታች ይሰደዋል። ከዚያም ቀስ ብሎ ይመዘዋል። በትሩ የወጣበት ጉድጓድ ዙሪያው ተንዶ ወዲያው ከተደፈነ ቡናው ገና ነው። ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ከቆመ ግን ፍሬውን የሸፈነው ሙጫ ለቋል፤ ውሃ ይለቀቅ፣ እጥበት ይጀመር።

በትሩን ብቻ አምኖ ግን አይፈርድም። የገንዳው መሃል ይሞቃል፣ ዳርና ማዕዘኑ ይቀዘቅዛል፤ መሃሉ ሲደርስ ማዕዘኑ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ከመሃልም፣ ከዳርም፣ ከሥርም ጭብጥ ጭብጥ ያወጣል፤ በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ በሁለት መዳፉ መካከል ያሸዋል። ሙጫ የቀረበት ቡና ድምፅ የለውም፤ አሙለጭልጮ ከጣት ያመልጣል። ሙጫው የለቀቀው ሻካራ ነው፤ ሲታሽ ይሰማል። አጠገቡ የቆመው ወጣት «አባ፣ ይታጠብ?» ሲለው «ቆይ ልጄ፣ የማዕዘኑ ገና ያሙለጫል» ብሎ ይመልስለታል። ይህን የነገረው ቴርሞሜትር ወይም የአሲድ መለኪያ አይደለም፤ የጣቱ ቆዳ ነው።

ይህን ፍተሻ ያየ ሰው የገጠር ልማድ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እኔ ግን ከዚህ የጠራ የምህንድስና መለኪያ ብዙ አላየሁም። በፍሬዎቹ መካከል ሙጫ እስካለ ድረስ አንዱ ፍሬ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ክምሩ ጠጣር መስሎ ይፈሳል። ሙጫው ሲያልቅ ዘሩን የለበሰው ገለፈት ከገለፈት ጋር በቀጥታ ይገናኛል፣ ሰበቃ ይፈጠራል፣ ፍሬ ፍሬን ይደግፋል፣ የጉድጓዱም ግድግዳ ይቆማል። በትሩ በሺህ የሚቆጠሩ ፍሬዎችን ሰበቃ በአንድ ጊዜ ይለካል፤ መዳፉ ደግሞ የጥቂቶቹን በዝርዝር ይመረምራል። ሁለቱ ሲስማሙ ብቻ ነው ውሃው የሚከፈተው።

ይህ የገንዳ ጠባቂው ባላጋራ የሆነው ሙጫ በዓለም ላይ ያሉ የቁሳቁስ መሐንዲሶች ዕድሜያቸውን የሚፈጁበት ነገር ዘመድ ነው። እነሱ ሃይድሮጄል ይሉታል። ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች እዚህም እዚያም እርስ በርስ ተቋጥረው መረብ ይሠራሉ፤ በመረቡ ውስጥ ውሃ ይሞላል፤ ውሃው ግን አይፈስም። የቡናው ሙጫ ከመቶ ከ80 በላይ ውሃ ነው። ይህን ያህል ውሃ የሆነ ነገር ታዲያ በውሃ አይታጠብም። ገና የተፈለፈለ ቡና ቧንቧ ሥር ቢያስቀምጡት፣ ቢያሹት፣ ቢያንገላቱት ሙጫው ገለፈቱን አይለቅም። የሚይዘው ፔክቲን የተባለው ሰንሰለት ነው፤ ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሪ ብራኮኖ እ.ኤ.አ. በ1825 ስም ያወጣለት፣ ማርማላታን የሚያረጋው ያው ፔክቲን። ሰንሰለቶቹ ጎን ለጎን ሲሰለፉ በመካከላቸው ትናንሽ ጉድጓዶች ይፈጠራሉ፤ በየጉድጓዱም የካልሲየም ቅንጣት ትቀመጥና ሁለቱን ሰንሰለት አጣምራ ትይዛለች። ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህን አያያዝ በእንቁላል መያዣ ካርቶን ይመስሉታል፤ ሰንሰለቶቹ ካርቶኑ፣ ካልሲየሙ እንቁላሉ።

የቡናው ተክል ራሱ በዚህ ጥበብ የተካነ መሆኑ ያስደንቀኛል። ፍሬው አረንጓዴ ሳለ ፔክቲኑ ከሕዋሱ ግድግዳ ጋር የተያያዘ፣ ግትርና የማይሟሟ ነው፤ ቢጨምቁት ዘሩ አይወጣም። ቀይ ሲሆን ተክሉ በራሱ ኤንዛይም ቋጠሮዎቹን ያላላል፤ ያን ጊዜ በሁለት ጣት ጫን ሲሉት ዘሩ ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ ለቃሚዋ ቀዩን ብቻ ስትመርጥ ለጣዕሙ ብቻ አይደለም የምትመርጠው። አረንጓዴ ፍሬ መፈልፈያው ውስጥ ሲገባ ቆዳው አይለቅም፤ ይጨፈለቃል፣ ወይም ሳይፈለፈል ያልፍና ገንዳው ውስጥ ሥራ ያበላሻል። ገና ከዛፉ ሥር፣ በቅርጫት አፍ ላይ፣ ግትር ጄል ከላላ ጄል ተለይቶ ያልቃል።

የመፈልፈያው አሠራርም የራሱ ዓይን አለው። በሚሽከረከረው ከበሮና በፊት ለፊቱ ባለው ሰሌዳ መካከል ያለው ክፍተት ጠበብ ካለ ብረቱ ገለፈቱን ይበጣል፤ የተበጣው ዘር ገንዳ ውስጥ አሲድ ይገባበታል፣ ሲቆላም ከሌላው በፊት ያራል። ሰፋ ካለ ደግሞ ቆዳው ከዘሩ ጋር አብሮ ያልፋል። የወቅቱ መጀመሪያና መጨረሻ ቡና በመጠን አንድ ስላልሆነ፣ ጥሩ የማሽን ሠራተኛ ክፍተቱን አንድ ጊዜ አስተካክሎ አይተወውም። ከመውጫው ጭብጥ እያነሳ ያያል፤ የተበጣ ካገኘ ብሎኑን በጥቂቱ ያላላል።

ከዚያ ገንዳው። በገንዳ ውስጥ የሚሆነው ነገር ማጠብ ሳይሆን መፍታት ነው። ከፍሬው የመጡ ኤንዛይሞችና በቆዳው ላይ የነበሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ስኳሩን ይበላሉ፣ አሲድ ይፈጥራሉ፣ የፔክቲኑን ሰንሰለት ይቆርጣሉ፤ መረቡ ሲበጣጠስ የታሰረው ውሃ ይለቀቃል። በሞቃት ቀን ይህ በአንድ ቀን ውስጥ ሊያልቅ ይችላል፤ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ይፈጃል። ለዚህም ነው ሰዓት ቆጥሮ የሚሠራ ሰው እዚህ የማያዋጣው። አስቀድሞ ከታጠበ ገለፈቱ ላይ የቀረው ሙጫ ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሻግታል። ከዘገየ ደግሞ አሲዱ ወደ ዘሩ ይዘልቃል፤ ቡናው ኮምጣጤ ይሸታል፣ ጥቂት የሸተቱ ፍሬዎችም የአንድን ጆንያ ስም ያጠፋሉ። ገዢው ሲኒውን አፍንጫው ሥር ያደረገ ዕለት የሚያሸተው የዚያን ንጋት ውሳኔ ነው።

እጥበቱ በቦዩ ውስጥ ሲጀመር ሠራተኞች በእንጨት መግፊያ ቡናውን ወደ ውሃው ሽቅብ ይመልሱታል። ከባዱ ከሥር ይቀራል፣ ቀላሉ ከላይ ይሄዳል፤ ውሃው ራሱ ደረጃ ያወጣለታል። ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያም የማድረቂያ አልጋ ላይ ይወጣል። አልጋውን የከበቡት ሴቶች ቡናው እርጥብ ሳለ ነው በደንብ የሚለቅሙት፤ የተበጣውም የሸተተውም ቀለሙ የሚለየው ያን ጊዜ ነውና። ፀሐይ ስትበረታ ይሸፍኑታል። ገለፈቱ በፍጥነት ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ ዘሩን መጠበቁ ያበቃል። እርጥበቱ ከመቶ 11 ወይም 12 እስኪደርስ ድረስ ቀናት ሲያልፉ እጅ ከቡናው ላይ አይነሳም።

ጅማ በዚህ ሥራ ስሟ ሁልጊዜ የተጠራ አልነበረም። ሊሙ በታጠበ ቡናው ከቀድሞም የታወቀ ነው፤ እነ ጎማ አንድ፣ ጎማ ሁለትና ኮሳ እርሻዎችም ማጠቢያቸውን ይዘው ቆይተዋል። የአነስተኛ ገበሬው ቡና ግን አብዛኛው ጀንፈል ሆኖ ደርቆ «ጅማ 5» በሚል ዝቅተኛ ደረጃ ነበር የሚሸጠው። ይህን የለወጡት በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተቋቋሙ የገበሬ ማኅበራት ናቸው። በአጋሮ አቅራቢያ ያለው ዱሮሚና እ.ኤ.አ. በ2010 ተመሠረተ፤ ቴክኖሰርቭ ከተባለው ድርጅት የሥራ ምክር አገኘ፣ ማጠቢያ ተከለ። በሁለት ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በምሥራቅ አፍሪካ የቡና ማኅበር የቅምሻ ውድድር ከአፍሪካ ቡናዎች አንደኛ ወጣ። እነ ናኖ ጫላ፣ ቢፍቱ ጉዲናና ዩክሮ ዛሬ በውጭ አገር ቆይዎች ዘንድ በስማቸው የሚታዘዙ ናቸው። ዛፉ ያው፣ አፈሩ ያው፣ ዝናቡም ያው ነበር፤ የተለወጠው የሙጫው አያያዝ ነው።

ከእነዚህ ጣቢያዎች በብዙዎቹ ውስጥ የኮሎምቢያው ፔናጎስ ማሽን ገብቷል። ማሽኑ ሙጫውን በማብላላት አይፈታም፤ ጥቂት ውሃ እየረጨ ፍሬ ከፍሬ እያፋተገ በግፊያ ይነጥለዋል። ገንዳው ውስጥ ቀን የሚፈጀው ነገር በደቂቃ ያልቃል፤ የውሃው ፍጆታም በእጅጉ ይቀንሳል። ስለ ውሃው ስል ማሽኑን እደግፋለሁ። ይሁንና ማሽኑ ያለበት ጣቢያም ያለ እጅ አይሠራም፤ በዘሩ መሃል መስመር ውስጥ ተደብቆ የሚቀረውን ሙጫ የሚያገኘው ጣት ነው፤ ቡናው ደግሞ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ማደር አለበት።

ገንዳው ላይ ያለው ሰው ቋጠሮ ሲፈታ፣ በሌላው የዓለም ዳር ቋጠሮ የሚያጠብቁ ባለሙያዎች አሉ። ኦቶ ቪህተርሌ የተባለው የቼክ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1960 ለዓይን የሚመች ሃይድሮጄል ይፋ አደረገ፤ በ1961 የገና በዓል ሰሞንም ቤቱ ውስጥ በልጆች የብረት መገጣጠሚያ መጫወቻና በብስክሌት ዲናሞ ባሠራት ማሽን የመጀመሪያዎቹን ለስላሳ የዓይን ሌንሶች አወጣ። ሌንስ ግን ሸክም አይሸከምም። ሃይድሮጄል ለጉልበት መገጣጠሚያ ምትክ፣ ለለስላሳ ሮቦት ክንድ ወይም ለእርጥብ አካል ማጣበቂያ ይሁን ሲባል አንድ አስቸጋሪ ነገር ይገጥማል። ቋጠሮ ሲበዛበት ጄሉ ይገተራል፤ ሲገተር ግን ይሰበራል። ቋጠሮ ሲያንስ ይለጠጣል፤ ግን ይልፈሰፈሳል። ለብዙ ዓመታት መሐንዲሱ አንዱን ሲያነሳ ሌላው ይወድቅበት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2003 የጃፓኑ ሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ጂያን ፒንግ ጎንግና የሥራ ባልደረቦቿ ሁለት መረብ አንዱን በሌላው ውስጥ አሳደሩ፤ አንደኛው ጠባብ፣ የተወጠረና ተሰባሪ፣ ሁለተኛው ሰፊና ልል። ለየብቻቸው ሁለቱም ደካማ ናቸው። ሲጫኑ አንድ ሜጋፓስካል ሳይሞላ ይፈርሳሉ። አብረው ሲሆኑ ግን ከመቶ 90 ገደማ ውሃ የሆነው ጄል 17 ሜጋፓስካል ቻለ፤ ይህም በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ከ170 ኪሎ ግራም በላይ ማስቀመጥ ማለት ነው። ምሥጢሩ ተሰባሪው መረብ መሰበሩ ላይ ነው። ኃይሉን በሺህ ትናንሽ ስብራት ይውጠዋል፤ ልሉ መረብ ደግሞ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ለመሰበር የተዘጋጀ ቋጠሮ ማስቀመጥ፣ ያውም የት እንደሚሰበር አውቆ፣ በዚህ ዘርፍ ከታዩት ሁሉ ረቂቁ ሐሳብ ነው እላለሁ።

ከዚህ ሁሉ ግን ለጅማ ሰው የሚቀርበው የሃርቫርዱ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012፣ ዱሮሚና ባሸነፈበት ዓመት፣ ጂዮንግ ዩን ሰን፣ ዢጋንግ ሱዎና ባልደረቦቻቸው ከባሕር አረም የሚወጣ አልጂኔት የተባለ ሰንሰለት ወሰዱ። አልጂኔት የፔክቲን የቅርብ ዘመድ ነው፤ እሱም በካልሲየም ያው በእንቁላል መያዣ አኳኋን ይቋጠራል። ካልሲየሙን ያገኙት ከጄሶ ነው፤ በግንባታ ቦታ ከምናውቀው ከዚያው ጄሶ። ሁለተኛው መረብ ፖሊአክሪላማይድ ሲሆን ቋጠሮው አይፈታም። ድብልቁን በመስታወት ቅርጽ ውስጥ አፍስሰው በአልትራቫዮሌት ብርሃን አረጉት። የወጣው ጄል ከመቶ 90 ገደማ ውሃ ነው፤ ሲስቡት ከመጀመሪያ ርዝመቱ ከ20 እጥፍ በላይ ይለጠጣል። ከዚያ ዳሩን በምላጭ በጡትና ሳቡት። ማንኛውም ተራ ጄል እዚያው ላይ ለሁለት ይቀደድ ነበር። ይህኛው ተበጥቶም 17 እጥፍ ሄደ። ብጣቱ እየጠለቀ አልሄደም፤ እየሰፋ፣ ጫፉ እየደነዘ ቀረ። በብጣቱ ዙሪያ ካልሲየሞቹ አንድ በአንድ ከጉድጓዳቸው ይወጣሉ፣ ኃይሉን ይበላሉ፤ ጫናው ሲነሳና ሙቀት ሲያገኙ ብዙዎቹ መልሰው ይቋጠራሉ። ተራ ሃይድሮጄል ለመቀደድ በካሬ ሜትር 10 ጁል ገደማ ሲበቃው፣ የእኛ የመገጣጠሚያ ልም አጥንት 1,000 ገደማ ይጠይቃል፤ ይህ ጄል ወደ 9,000 ተጠጋ።

ጄሉ አይቀደድ እንጂ ልል ነበር፤ ለስላሳ ስለሆነ ሲጫኑት ይሰምጣል። ግትርነቱን ለማምጣት ሌሎች ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሺሚን ሂ ቡድን ያደረገውን ሳነብ የእጅ ሥራ ያየሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ፖሊቪኒል አልኮል የተባለውን በውሃ የሚሟሟ ሰንሰለት ከአንድ ወገን ብቻ አቀዘቀዙት፤ በረዶው በአንድ አቅጣጫ እየረዘመ ሲያድግ ሰንሰለቶቹን እየገፋ በመስመር ደረደራቸው። ከዚያ ጨው ውስጥ ነከሩት፤ ጨው ውሃውን ሲስብ ሰንሰለቶቹ ተጠጋግተው ጠበቁ። አዲስ ኬሚካል አልፈለሰፉም። ብርድና ጨው፣ በትክክለኛው ቅደም ተከተል። የተገኘው ጄል ሲጎተት ከ23 ሜጋፓስካል በላይ ቻለ።

ወደ ገንዳው ስመለስ የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ያ ሁሉ ፔክቲን የት ይሄዳል? የቡናው ቆዳ በየጣቢያው ጓሮ ይከመራል፤ ሙጫ ያዘለው ውሃ ደግሞ ለዓመታት ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ኖሯል። ይህ የሚሆነው ከዝናቡ በኋላ፣ ወንዞቹ በሚቀንሱበት ወቅት ነው። ስኳሩና ፔክቲኑ ሲበሰብስ ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ውሃው ይጠቁራል፣ ይሸታል፤ ከታች ያለው መንደር ከብቱን የሚያጠጣበት ያጣል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በተደጋጋሚ ለክተው አሳትመዋል። አንዳንድ የማኅበራት ጣቢያዎች ቬቲቨር ሣር ተክለው ውሃውን በዚያ ማሳለፍ ጀምረዋል፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን ማጽዳት ብቻ ነው።

ብራዚል ውስጥ የፓራና ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ከአረቢካ ቡና ቆዳና ሥጋ ፔክቲን አውጥተው በስኳርና በአሲድ ጄል እንደሚሠራ አሳይተዋል። ፔክቲንን በካልሲየም እንዲቋጠር ማድረግም አዲስ ነገር አይደለም፤ በሰንሰለቱ ላይ ያሉትን ሜቲል ቡድኖች መቀነስ ይበቃል፤ የምግብ ፋብሪካዎች ዘወትር ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የሃርቫርዱ መንገድ ነው፤ አንድ የሚፈታና የሚቋጠር መረብ፣ አንድ የማይፈታ መረብ፣ የካልሲየሙን መጠን ማመጣጠን። ከቡና ሙጫ የጉልበት ልም አጥንት ነገ ይወጣል አልልም። ለችግኝ ሥር ውሃ የሚይዝ፣ ለቁስል መሸፈኛ የሚሆን ወይም ከቆሻሻ ውሃ ብረት የሚለቅም ጄል ግን በካልሲየምና በፔክቲን ሊሠራ የሚችል ነገር ነው።

ጅማ ለዚህ የሚያንሳት ነገር የለም። የግብርና ኮሌጇ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ በ1999 ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ የቁሳቁስ ሳይንስ ያስተምራል። የቡና ምርምሩ ከተማው ዳር መልኮ ላይ ተቀምጧል። ከአጋሮ ገንዳዎች እስከ ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አስፋልት ነው። በመካከል የጎደለው ጀሪካን ይዞ የሚመላለስ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ለቁሳቁስ መምህራኑ አንድ ልመና አለኝ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ተማሪዎቻችሁን ወደ ማጠቢያ ጣቢያዎቹ ላኩ፤ መጀመሪያ ግን ምንም መሣሪያ አታስይዟቸው። እጃቸውን ገንዳ ውስጥ ይክተቱ፣ የለቀቀውንና ያለቀቀውን ፍሬ በጣታቸው ይለዩ፣ በትሩ የተወውን ጉድጓድ ይዩ። የገንዳው ጠባቂም እንደ እንግዳ አስጎብኚ ሳይሆን እንደ መምህር ተቆጥሮ የቀን አበሉ ይከፈለው። ከዚያ በኋላ ሙጫውን በጀሪካን ሞልተው ይመለሱና ሥራቸውን ይጀምሩ።